«እዚህ» እና «እዚያ»፦ ደሴ ተቀምጦ ሩቅ ካለ ቪኤም ጋር ዲበገር ማገናኘት

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የደወለው ደሴ መናኸሪያ ትኬት የሚቆርጥ ልጅ ነው። 11 ሰዓት ላይ ለሚነሳው የአዲስ አበባ አውቶብስ የተሳፋሪ ስም ዝርዝር ሊያትም ፕሮግራሙን ከፍቷል። የወጣለት ግን የትናንቱ ዝርዝር ነው። ትናንት ሄደው አዲስ አበባ የገቡ ሰዎች ስም።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከብርድ ልብሴ ወጥቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ያንኑ ኮድ አስነሳሁት፤ ትክክለኛውን ዝርዝር አወጣ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሰርቨሩን ስሞክረው እሱም ጤነኛ ሆኖ ጠበቀኝ። በማግስቱ ሌሊት ያው ችግር ተመለሰ።

ሦስት ቀን ሙሉ ኮዱ ውስጥ «ፕሪንት» እየጨመርኩ፣ ወደ ሰርቨሩ እየጫንኩ፣ ፕሮግራሙን እንደገና እያስነሳሁ ሎግ ሳነብ ከረምኩ። አንዱ ሲመለስ ሌላ ጥያቄ ይወለዳል። በአራተኛው ቀን ዲበገር አገናኘሁ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ ችግሩን አየሁት።

ይህን የምጽፈው ያንን ሦስት ቀን ሌላ ሰው እንዳያጣው ነው። ዲበገር ኮዱን እየሠራ ሳለ በፈለጋችሁት መስመር ላይ ያቆምላችኋል። በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ ቫሪያብል ምን እንደያዘ ያሳያችኋል። ላፕቶፕ ላይ ብዙዎቻችን እንጠቀምበታለን። ኮዱ ሩቅ አገር ባለ ቨርቹዋል ማሽን (ቪኤም፤ በትልቅ ሰርቨር ውስጥ ራሱን ችሎ እንደ ኮምፒውተር የሚሠራ) ላይ ሲሆን ግን እንተወዋለን። መተው የለብንም።

አንድ ነገር ልበል። ትዕዛዞቹን የምጽፋቸው ኮምቦልቻ ላለ ወዳጄ በስልክ እንደማነብለት አድርጌ ነው። «ሰረዝ» ስል አጭሯን ሰረዝ ማለቴ ነው። «ድርብ ሰረዝ» ስል ሁለቱን አከታትላችሁ ጻፉ። እናንተ ኪቦርዱ ላይ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ።

መጀመሪያ፦ የት ነው ያለሁት?

ያ ወዳጄ አንድ ቀን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ኮኔክሽን ሪፊውዝድ ይለኛል» አለ። «ፕሮግራሙን አስነስተኸዋል?» አልኩት። «የቱ ጋ? እዚህ ነው እዚያ?» ብሎ መለሰልኝ። በዚህ ሥራ ላይ ከሚገጥሙ ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚህች ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ «እዚህ» ስል ፊት ለፊታችሁ ያለውን ላፕቶፕ ማለቴ ነው። «እዚያ» ስል ሩቅ ያለውን ቪኤም። እያንዳንዱን ትዕዛዝ ከመጻፋችሁ በፊት የትኛው ላይ እንዳላችሁ እዩ። እኔ የእዚያውን ቴርሚናል (ትዕዛዝ የምንጽፍበትን መስኮት) ቀለም ቀይሬዋለሁ። ጥቁር እዚህ፣ ሰማያዊ እዚያ። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ብዙ ሌሊት አድናኛለች።

ዲበገሩም ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው። ግማሹ እዚያ፣ ከፕሮግራሙ ጎን ይቀመጣል። ፕሮግራሙን የሚያቆመውና ቫሪያብል የሚያነበው እሱ ነው። ግማሹ እዚህ፣ ኮድ በምንጽፍበት ፕሮግራም ውስጥ ነው። ቁልፍ የምንጫነው እዚህ ነው። ሁለቱ በአንድ ፖርት (ፕሮግራሞች በኔትወርክ የሚገናኙበት ባለ ቁጥር በር) በኩል አጫጭር መልእክት ይለዋወጣሉ። «መስመር 42 ላይ ቁም»፣ «ቆሜያለሁ»፣ «ይህ ቫሪያብል ምን ይዟል?»፣ «ይህን» እየተባባሉ።

የሚያልፈው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ለእኛ ኢንተርኔት ይስማማል። ሙሉ ስክሪን በቪዲዮ መልክ የሚያመጣውን ሪሞት ዴስክቶፕ በሞባይል ዳታ የሞከረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ማውሱ ተንቀሳቅሶ እስኪታይ ድረስ ዳታው ያልቃል። ዲበገር ግን በደካማ ኔትወርክም ይሠራል።

ምሳሌዬ በፓይተን ነው። የምጠቀመው እዚህ ቪኤስ ኮድን፣ እዚያ ደግሞ ዲበግፓይ የሚባለውን መሣሪያ ነው። ሌሎች ቋንቋዎችን መጨረሻ ላይ አነሳለሁ። መንገዱ አንድ ነው።

ፖርቱን ለዓለም አትክፈቱ

ወደ ደረጃዎቹ ከመግባቴ በፊት በዚህ ላይ መቆም እፈልጋለሁ። ከሌላው ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ዲበገርን በሩቁ ስለማገናኘት ኢንተርኔት ላይ የሚገኙ ብዙ አጫጭር ምክሮች ቀላሉን መንገድ ያሳያሉ። እዚያ ዲበገሩን በ0.0.0.0 ላይ አስነሱ፣ ፋየርዎሉ (ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት የሚያግደው አጥር) ላይ ፖርቱን ክፈቱ፣ ከዚያ ተገናኙ ይላሉ። ይሠራል። ችግሩ ለእናንተ ብቻ አለመሥራቱ ነው። 0.0.0.0 ማለት «ከየትም የመጣን ሰው ተቀበል» ማለት ነው። ዲበገር ደግሞ ፓስወርድ አይጠይቅም። ፖርቱን ያገኘ ሰው ሁሉ ፕሮግራማችሁን ማቆም ይችላል። ዳታቤዝ ፓስወርዱን ማንበብ ይችላል። ከዚህም አልፎ የፈለገውን ኮድ በእናንተ ማሽን ላይ ማስኬድ ይችላል፤ ዲበገር የተሠራው ለዚህ ነውና።

መጀመሪያ ሰሞን እኔም እንዲህ አድርጌ ነበር። አንድ ምሽት ፖርቱን ከፍቼ ተኛሁ። ጠዋት ሎጉን ስከፍት የማላውቃቸው አድራሻዎች ሲያንኳኩ አድረዋል። ማሽኑን አጥፍቼ እንደ አዲስ ሠራሁት። መናኸሪያው ያመነኝ የተሳፋሪዎችን ስምና ስልክ ቁጥር ነው። ያንን አደራ ለአንድ ምሽት ምቾት ብዬ መንገድ ላይ ማስቀመጤ አሁንም ይቆጨኛል።

ትክክለኛው መንገድ በኤስኤስኤች፣ ማለትም ሩቅ ማሽን ላይ በምስጢር በሚያስገባው መሣሪያ፣ ውስጥ ማለፍ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ በመኪና የሄደ ሰው ጣርማ በርን ያውቀዋል። ጣሊያን በ1930ዎቹ የሠራው ዋሻ ነው። ላዩ ጉም ይልበስ፣ ዝናብ ይዝነብ፣ መኪናው በተራራው ሆድ ውስጥ ያልፋል። የኤስኤስኤች ዋሻም እንደዚያው ነው። ላዩ ላይ ማንም የሚያልፍበት ኢንተርኔት አለ። ውስጡን የሚያልፈው የእናንተ መልእክት ብቻ ነው፤ ያውም ተመስጥሮ። ኤስኤስኤችን ፊንላንዳዊው ታቱ ኡሎነን በ1995 የሠራው ዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ ፓስወርድ በመሰረቁ ነበር። ገና ሲጀመር የታሰበው ለዚህ ለእኛ ችግር ነው። ዲበገሩ እዚያ ለራሱ ማሽን ብቻ ጆሮ ይሰጣል፤ እኛ በዋሻው ገብተን ከማሽኑ ውስጥ እንደተነሳን ሆነን እናናግረዋለን።

ደረጃ 1፦ ቁልፍና አጭር ስም

ኤስኤስኤች በቁልፍ ካልተዘጋጀላችሁ መጀመሪያ ያንን ጨርሱ። እዚህ፦

«ኤስኤስኤች-ኪጄን ሰረዝ ቲ ኢዲ25519»

ይህ ሁለት ቁልፍ ይሠራል። አንዱ የግል ነው፤ ከላፕቶፑ አይወጣም። ሌላው የአደባባይ ነው፤ እዚያ ይላካል። ለመላክ «ኤስኤስኤች-ኮፒ-አይዲ» ብላችሁ የተጠቃሚ ስማችሁንና የቪኤሙን አድራሻ ጻፉ።

ቀጥሎ እዚህ፣ ቤት ፎልደራችሁ ውስጥ «ነጥብ ኤስኤስኤች» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ «ኮንፊግ» የሚባል ፋይል ክፈቱ። ለቪኤሙ አጭር ስም ስጡት። እኔ «መናኸሪያ» ብየዋለሁ። «ሆስት» ብላችሁ ይህን ስም፣ «ሆስትኔም» ብላችሁ የማሽኑን አይፒ፣ «ዩዘር» ብላችሁ የተጠቃሚ ስሙን ጻፉ። ከዚያ ይህን መስመር ጨምሩበት፦

«ሰርቨርአላይቭኢንተርቫል 30»

ይህ መስመር በየ30 ሰከንዱ «አለህ?» እያለ ግንኙነቱን ይጠይቃል። የሞባይል ኔትወርክ ዝም ያለ ግንኙነትን ቶሎ ይቆርጣል። ደሴ ላይ ያለዚህ መስመር ዋሻዬ ቡና ለመቅዳት እስክነሳ እንኳ አይቆይልኝም ነበር። እዚያ በኩል ሦስት ጊዜ ተጠይቆ መልስ ካልመጣ ደግሞ ኤስኤስኤች ራሱ ይዘጋል። የሞተን ግንኙነት በሕይወት ያለ እየመሰለን አንጠብቅም።

ደረጃ 2፦ ሁለቱ ኮዶች አንድ ይሁኑ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ኋላ ግን በእጥፍ ያስከፍላል። ዲበገሩ የሚያውቀው የፋይል ስምና የመስመር ቁጥር ብቻ ነው። እዚህ 42ኛው መስመር ላይ ቁም ስትሉት እዚያ ያለው ፋይል 42ኛ መስመር ላይ ይቆማል። እዚህ አንድ መስመር ከጨመራችሁና እዚያ ካልጫናችሁ፣ የምታዩት መስመርና የሚሠራው መስመር ይለያያሉ። ስክሪኑ ላይ ቀስቱ ባዶ መስመር ወይም ኮሜንት ላይ ቆሞ ካያችሁት ምልክቱ ይኸው ነው።

የኮድ ለውጥ የሚመዘግበውን ጊት ከተጠቀማችሁ እዚህም እዚያም «ጊት ሬቭ-ፓርስ ሄድ» በሉ። የሚወጣው ረጅም ቁጥር አንድ መሆን አለበት። «ጊት ስታተስ» ደግሞ እዚያ በእጅ የተነካካ ፋይል ካለ ያሳያል። አስቸኳይ ነው ብለን ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ያስተካከልናት ሁለት መስመር እዚህ ጋ ትታያለች።

ደረጃ 3፦ ሰው የሚጠቀምበትን ፕሮግራም አታቁሙ

ብሬክፖይንት፣ ማለትም «ቁም» ብለን ምልክት የምናደርግበት መስመር፣ ፕሮግራሙን ያቆማል። እናንተ ቫሪያብሉን እያያችሁ ስታስቡ፣ መስኮቱ ጋ የቆመው ተሳፋሪ ትኬቱን ይጠብቃል። ስለዚህ ሰው እየተገለገለበት ባለው ፕሮግራም ላይ ዲበገር አላገናኝም። እዚያው ቪኤም ላይ፣ በሌላ ፖርት፣ ሁለተኛ ቅጂ አስነሳለሁ። ዳታቤዙንም እቀዳና ቅጂው ላይ እሠራለሁ። ማሽኑ አንድ ስለሆነ ስህተቱን የሚያመጣው ሁኔታ ይኖራል። ሰው ግን አይጉላላም።

ሌላም ምክንያት አለ። ብዙዎቻችን እውነተኛውን ፕሮግራም ጉኒኮርን ከሚባለው የፓይተን ድረ ገጽ ሰርቨር ኋላ ነው የምናስነሳው። ጉኒኮርን አንድ ሠራተኛ ፕሮሰስ ለ30 ሰከንድ ዝም ካለ ሞቷል ብሎ ይገድለዋል። ብሬክፖይንት ላይ የቆመ ፕሮግራም ለእሱ የሞተ ነው። እናንተ እያሰባችሁ ሳለ ፕሮግራሙ ከእጃችሁ ይጠፋል። ለፍተሻ ቀለል ያለውን፣ የድረ ገጽ መሥሪያዎቹን የፍላስክ ወይም የጃንጎን የራሳቸውን ማስነሻ ተጠቀሙ።

ደረጃ 4፦ እዚያ ማስነሳት

ኤስኤስኤች ብላችሁ ግቡ። መጀመሪያ «ቲመክስ» ክፈቱ፦

«ቲመክስ ኒው ሰረዝ ኤስ ፍተሻ»

ቲመክስ እዚያ የሚቆይ ቴርሚናል ነው። መብራት ሲጠፋና ዋይፋዩ ሲሞት እዚያ የጀመራችሁት ሥራ አብሮ አይሞትም። መብራት ሲመጣ «ቲመክስ አታች ሰረዝ ቲ ፍተሻ» ብላችሁ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። ደሴም ሁኑ ወልዲያ፣ ይህን ሳይዙ ሩቅ ማሽን ላይ መሥራት አይመከርም።

ቀጥሎ የፕሮጀክቱን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (የሚጠቀምባቸው የፓይተን ጥቅሎች ለብቻ የሚቀመጡበትን ቦታ) አንቁ። ከዚያ «ፒፕ ኢንስቶል ዲበግፓይ»። ከኢንቫይሮንመንቱ ውጭ ከጫናችሁት ፕሮግራሙ አያገኘውም። አሁን አስነሱ፦

«ፓይተን ሰረዝ ኤም ዲበግፓይ ድርብ-ሰረዝ ሊስን 127.0.0.1:5678 ድርብ-ሰረዝ ዌይት-ፎር-ክላይንት ሰረዝ ኤም ፍላስክ ድርብ-ሰረዝ አፕ ትኬት ረን ድርብ-ሰረዝ ፖርት 8001 ድርብ-ሰረዝ ኖ-ሪሎድ»

ረጅም ናት፤ ቁራጭ በቁራጭ እንያት። «ሊስን 127.0.0.1:5678» ዲበገሩ በፖርት 5678 ላይ ለራሱ ማሽን ብቻ ጆሮ እንዲሰጥ ያደርጋል። ያ ቁጥር እዚያ መኖሩን ሁለቴ አረጋግጡ። «ዌይት-ፎር-ክላይንት» ደግሞ እኛ እስክንገናኝ ፕሮግራሙን ያስጠብቀዋል። ሲነሳ የሚፈጠር ስህተት የምትፈልጉ ከሆነ ግድ ነው። ካልሆነ ልትተውት ትችላላችሁ። «ኖ-ሪሎድ» የገባው ፍላስክ ፋይል በተቀየረ ቁጥር ራሱን በሌላ ፕሮሰስ እንዳያስነሳ ነው። ሁለት ፕሮሰስ ካለ ዲበገሩ አንዱን ይዞ ሥራው በሌላው ይሠራል፤ ብሬክፖይንቱም አይቆምም። ጃንጎ ላይ ያው ትዕዛዝ «ድርብ-ሰረዝ ኖሪሎድ» ነው፤ «ኖ» እና «ሪሎድ» መሃል ሰረዝ የለም።

ትዕዛዙን ስትሰጡት ዝም ይላል። ዝምታው ጤና ነው። እየጠበቃችሁ ነው።

ለማረጋገጥ ሌላ ቴርሚናል ከፍታችሁ፣ እዚያው፣ «ኤስኤስ ሰረዝ ኤልቲኤን» በሉ። በዝርዝሩ ውስጥ 127.0.0.1:5678 መታየት አለበት። በቦታው 0.0.0.0 ካያችሁ አሁኑኑ አቁሙትና ትዕዛዙን አርሙ።

ደረጃ 5፦ ዋሻውን መክፈት

አሁን እዚህ፣ በላፕቶፑ ቴርሚናል ላይ፦

«ኤስኤስኤች ሰረዝ ትልቁ ኤን ሰረዝ ትልቁ ኤል 5678:127.0.0.1:5678 ሰረዝ ትልቁ ኤል 8001:127.0.0.1:8001 መናኸሪያ»

ትልቁ ኤን «ቴርሚናል አትክፈትልኝ፣ ዋሻው ብቻ ይበቃኛል» ማለት ነው። ትልቁ ኤል ዋሻውን ይከፍታል። ሁለት ዋሻ ከፍተናል። አንዱ ለዲበገሩ ነው፤ ሌላው ፕሮግራሙን በእዚህ ብራውዘር ለመክፈት።

ሦስቱን ክፍል በትኩረት እዩ። የመጀመሪያው 5678 እዚህ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ የሚከፈተው በር። መሃል ያለው 127.0.0.1 ግን የላፕቶፑ አይደለም። የሚነበበው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። 127.0.0.1 «እኔ ቤት» እንደማለት ነው። «እኔ ቤት» የማን ቤት እንደሆነ የሚታወቀው ተናጋሪው ሲታወቅ ነው። እዚህ ላፕቶፑ ሲለው የላፕቶፑ ቤት ነው። ዋሻው መጨረሻ ላይ ቪኤሙ ሲለው የቪኤሙ ቤት ነው። የመጨረሻው 5678 እዚያ ዲበገሩ የሚጠብቅበት ነው። ወዳጄን ኮምቦልቻ ድረስ ያስቸገረው ይህ ነበር። እኔም ልቤ ላይ የተቀመጠው ከብዙ ሙከራ በኋላ ነው።

«ሎካልሆስት» ብላችሁም መጻፍ ትችላላችሁ። እኔ ቁጥሩን እመርጣለሁ። አንዳንድ ማሽን «ሎካልሆስት»ን በአዲሱ የአይፒ ስድስት አድራሻ ይተረጉመዋል። ዲበገሩ ደግሞ በአሮጌው ላይ ይጠብቃል። ሁለቱ በአንድ ስም ተጠርተው ይተላለፋሉ።

ዋሻው የተከፈተበት ቴርሚናልም ዝም ይላል። አትዝጉት።

ደረጃ 6፦ ቪኤስ ኮድን ማያያዝ

ቪኤስ ኮድ ውስጥ የፓይተን ዲበገር ኤክስቴንሽን መኖሩን አረጋግጡ። ፕሮጀክቱን ክፈቱ። በግራ በኩል ሦስት ማዕዘንና ነፍሳት ያለባትን ምልክት ተጫኑ፤ «ረን ኤንድ ዲበግ» የምትባለው ናት። «ላውንች ነጥብ ጄሶን» ፋይል እንዲፈጥርላችሁ ጠይቁት። ፓይተን ዲበገርን፣ ከዚያ «ሪሞት አታች»ን ምረጡ። አድራሻ ሲጠይቃችሁ 127.0.0.1 ስጡት። ፖርት 5678። የቪኤሙን እውነተኛ አይፒ እንዳትሰጡት። በዋሻው አፍ ነው የምትገቡት፤ አፉ ደግሞ እዚህ ነው።

የተፈጠረው ፋይል ውስጥ «ፓዝ ማፒንግስ» የሚል ክፍል አለ። ሁለት ነገር ይዟል። «ሎካል ሩት» ኮዱ እዚህ የት እንዳለ ይናገራል። «ሪሞት ሩት» ደግሞ እዚያ የት እንዳለ። ቪኤስ ኮድ ለሁለተኛው አንዲት ነጥብ ብቻ ይጽፋል። ነጥቧ «ፕሮግራሙ የተነሳበት ፎልደር» ማለት ናት። ፕሮግራሙን ከፕሮጀክቱ ፎልደር ካስነሳችሁት ይሠራል። ከሌላ ቦታ ከሆነ አይሠራም። ሙሉውን አድራሻ ብትጽፉ ይሻላል። እዚያ ፎልደሩ ውስጥ ሆናችሁ «ፒደብሊውዲ» በሉና የወጣውን ቅዱ። ፎልደሩ አቋራጭ ሊንክ ከሆነ «ሪድሊንክ ሰረዝ ኤፍ» እውነተኛውን አድራሻ ይነግራችኋል። ፋይሉ ውስጥ የምትጽፉት ያንን ነው።

አሁን ኤፍ5ን ተጫኑ። ከታች ያለው መስመር ቀለም ይቀይራል። እዚያ ይጠብቅ የነበረው ፕሮግራም መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ከመስመር ቁጥሩ ግራ ተጭናችሁ ብሬክፖይንት አኑሩ። ነጥቡ ደማቅ ቀይ ከሆነ ተቀብሏል። ግራጫና ባዶ ክብ ከሆነ ዲበገሩ ያንን ፋይል እዚያ አላገኘውም። ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ምክንያቱ ያ «ሪሞት ሩት» ነው። ወደ እሱ ተመለሱ።

ደረጃ 7፦ ማየት

እኔ ብሬክፖይንቱን ያኖርኩት የዛሬን ቀን የምትጠይቀው መስመር ላይ ነበር። ብራውዘሬ ላይ 127.0.0.1:8001ን ከፍቼ ዝርዝሩን ጠየቅኩ። ገጹ ሳይከፈት ቆመ። ቪኤስ ኮድ ላይ ቢጫው መስመር በራ።

ቀኑ ትክክል ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ነበርና ገና ስህተቱ አይታይም። ግን ዲበገር ውስጥ «ዲበግ ኮንሶል» የሚባል ቦታ አለ። እዚያ የምትጽፉት ማንኛውም የፓይተን መስመር እዚያው ቪኤሙ ላይ፣ በቆመው ፕሮግራም ውስጥ ይሠራል። «ዴትታይም ነጥብ ናው» ብዬ ጠየቅኩት። 12:00 አለኝ።

በሐበሻ ሰዓት የሚያስብ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። የእጄ ሰዓት 9 ይላል፣ ሰርቨሩ 12 ይላል፤ ሰርቨሩ ሦስት ሰዓት የቀደመ ይመስላል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ግን እኛ 15 ሰዓት ላይ ነን። ሰርቨሩ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው ያለው። የሚሠራው በዓለም አቀፉ ዩቲሲ ሰዓት ነው። ቪኤም ሲከራዩት ብዙ ጊዜ በዩቲሲ ነው የሚመጣው። ላፕቶፔ ደግሞ በአዲስ አበባ ሰዓት ተስተካክሏል።

ሁሉም ነገር ተገጣጠመ። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6። ሰርቨሩ ላይ የሚቀየረው እኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስንል ነው። በእነዚያ ሦስት ሰዓቶች ውስጥ ሰርቨሩ ትናንት ላይ ነው። ልጁ የሚያትመው ደግሞ 8 ሰዓት ላይ። እኔ ጠዋት ስነሳ ሰርቨሩም ዛሬ ላይ ደርሷል። ፕሪንቶቼ ሁሉ ቀን ቀን የተጻፉ ስለነበሩ ምንም ሊያሳዩኝ አይችሉም ነበር።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። ከፓይተን 3.9 ጀምሮ ያለውን «ዞንኢንፎ» ተጠቅሜ ዛሬን በአዲስ አበባ ሰዓት እንዲጠይቅ አደረግኩት። የሰርቨሩን ሰዓት መቀየርም ይቻል ነበር። አልመረጥኩትም። ነገ ሌላ ቪኤም ላይ ብንጭነው ችግሩ ይመለሳል። ኮዱ ራሱ የየት አገር ሰዓት እንደሚፈልግ ይናገር።

ለመንቀሳቀስ ሦስት ቁልፍ ይበቃል። ኤፍ10 ወደሚቀጥለው መስመር ይወስዳል። ኤፍ11 ፈንክሽኑ ውስጥ ያስገባል። ኤፍ5 ይለቅቀዋል።

ኔትወርኩ ሲደክም

እያንዳንዱ እርምጃ ወደ እዚያ ደርሶ መልስ ነው። ኤፍ10ን መቶ ጊዜ መጫን በእኛ መስመር ትዕግሥት ያስጨርሳል። ሁለት ነገር ያግዛል።

አንደኛው፣ ሁኔታ ያለው ብሬክፖይንት ነው። ቀዩን ነጥብ በቀኝ ማውስ ተጫኑና ሁኔታ ጻፉበት። ለምሳሌ የመቀመጫ ቁጥሩ ከ45 በላይ ሲሆን ብቻ ቁም በሉት። ምርመራው እዚያው ቪኤሙ ላይ ስለሚሠራ ሌሎቹ ዙሮች ወደ እኛ ሳይመላለሱ ያልፋሉ።

ሁለተኛው ሎግፖይንት ነው። ፕሮግራሙን አያቆምም። በዚያ መስመር ባለፈ ቁጥር የፈለጋችሁትን ቫሪያብል ጽፎላችሁ ይቀጥላል። ኮዱን ሳትነኩ ፕሪንት እንደማስገባት ነው። ያኔ ባውቀው ኖሮ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ማየት እችል ነበር።

ግንኙነቱ ተቆርጦ ዋሻውን መልሳችሁ ስትከፍቱ «አድሬስ ኦልሬዲ ኢን ዩዝ» ሊላችሁ ይችላል። አሮጌው ኤስኤስኤች እዚህ ገና አልሞተም ማለት ነው። ፈልጋችሁ ግደሉት። ከተቆረጠ በኋላ ቲመክስ ውስጥ ገብታችሁ ፕሮግራሙ መንቀሳቀሱንም እዩ፤ ዲበገሩ ግንኙነቱ መቆረጡን ካላወቀ ፕሮግራሙ ብሬክፖይንቱ ላይ ቆሞ ሊቆይ ይችላል።

መልእክቶቹ ምን ማለት ናቸው

«ሪፊውዝድ» ካለ ማሽኑ ተገኝቷል፤ ግን በዚያ ፖርት ላይ የሚጠብቅ የለም። እዚያ ሄዳችሁ «ኤስኤስ ሰረዝ ኤልቲኤን» በሉ። «ታይም አውት» ካለ ጭራሽ አልደረሰም። ኔትወርኩን፣ ፋየርዎሉን፣ ወይም ቪኤሙ ሲነሳ አይፒው ተቀይሮ እንደሆነ እዩ። «ፐርሚሽን ዲናይድ» የቁልፍ ጉዳይ ነው። «አድሚኒስትሬቲቭሊ ፕሮሂቢትድ» ካለ ሰርቨሩ ዋሻ እንዳይከፈት ተከልክሏል። አስተዳዳሪው «አላው ቲሲፒ ፎርዋርዲንግ» የሚለውን እንዲፈቅድ ጠይቁ።

የሚከፈልበት ቪኤም ለሌላችሁ

ለብዙዎቹ የኪራይ ቪኤሞች የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ግቢ ያሉ ተማሪዎች ይህ አያግዳችሁ። ቨርቹዋልቦክስን ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኑና ኡቡንቱ ሰርቨር አስነሱበት። ኔትወርኩን በ«ናት» ተዉት። «ፖርት ፎርዋርዲንግ» ውስጥ የላፕቶፑን 2222 ወደ ቪኤሙ 22 አገናኙ። ከዚያ ኤስኤስኤች ኮንፊጉ ላይ ሆስትኔሙን 127.0.0.1፣ ፖርቱን 2222 አድርጉ። ቀሪው ሁሉ ከላይ ያለው ነው። ማሽኑ ጠረጴዛችሁ ላይ ቢሆንም «እዚህ» እና «እዚያ» ያው ናቸው።

ሌሎች ቋንቋዎች

ለሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ እዚያ «ጂዲቢሰርቨር» አስነሱ፤ እዚህ ጂዲቢ በሚባለው ዲበገር ውስጥ «ታርጌት ሪሞት» ብላችሁ የዋሻውን አፍ ስጡት። ኮዱ በ«ሰረዝ ጂ» ኮምፓይል ካልተደረገ የመስመር ቁጥር አያውቅም። ጃቫ ብዙ ጊዜ 5005ን ይጠቀማል። ጃቫ 8 ላይ ከሆናችሁ ተጠንቀቁ፤ የፖርት ቁጥር ብቻ ከሰጣችሁት ከየትም የመጣውን ይቀበላል። ከ9 ጀምሮ ለራሱ ማሽን ብቻ ነው። ኖድ ጄኤስ በ«ድርብ-ሰረዝ ኢንስፔክት» 9229 ላይ ይጠብቃል። የሊኑክስ ከርነሉን ራሱን የምትፈትሹ ከሆነ ኪሙ የሚባለው የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ «ሰረዝ ትንሹ ኤስ» ሲባል 1234 ላይ ጂዲቢን ይቀበላል። ቁጥሩን ቀይሩና ዋሻውን በዚያው መንገድ ክፈቱ።

ሲጨርሱ

መጀመሪያ ብሬክፖይንቶቹን በሙሉ አጥፉ። ቀጥሎ ቪኤስ ኮድ ላይ «ዲስኮኔክት» በሉ። ይህ ፕሮግራሙን አይገድለውም፤ ይለቅቀዋል። ዋሻውን በኮንትሮል ሲ ዝጉ። እዚያ ቲመክስ ውስጥ ገብታችሁ የፍተሻ ቅጂውን አቁሙ። የቀዳችሁትን ዳታቤዝ ሰርዙ፤ የሰው ስልክ ቁጥር አለበት። መጨረሻ ላይ እዚያው «ኤስኤስ ሰረዝ ኤልቲኤን» በሉና 5678 ከዝርዝሩ መጥፋቱን እዩ።

እኔ ይህን ጨርሼ የተስተካከለውን ኮድ ጫንኩ። በዚያው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቅቼ ስልኩን ጠበቅኩ። 8 ሰዓት ከሩብ ላይ ልጁ በቴሌግራም የዝርዝሩን ፎቶ ላከልኝ። ከላይ የተጻፈው ቀን የዛሬ ነው።